«ስፖርት ናት» የተባለች ቪትዝ ሐረጎን ትወርዳለች?

«ስፖርት ናት» የምትለዋ ቃል በመኪና ገበያ ውስጥ ዋጋ አላት። ከኋላዋ ክንፍ የተተከለላት፣ የአልሙኒየም ቸርኬ ያሰረች፣ ማርሚታዋ የሚያጓራ ቪትዝ ከላቫጆ ወጥታ ስትቆም ከጎኗ ካለችው ተራ እኅቷ የበለጠ ብር ይጠየቅባታል። ደላላው ክንፏን ያሳያል፤ ገዢው ቀለሟን ያያል፤ ሻጩ ዝም ይላል። ኮፈኑ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ቀብድ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ለአዲስ አበባ ገዢ ይህ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ግን የነፍስም ጉዳይ ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ መጋዘኑን ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ደሴ ሱቁ የሚገባ ሰው በመካከሉ ሐረጎ ይጠብቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስም ይህንኑ ይወጣል። በክረምት ጉም ሲጨመርበት፣ ከፊት የጫነ ተሳቢ ሲመጣ፣ የክንፉ ጌጥ ማንንም አይረዳም። በዚህ መንገድ ለመመላለስ የሚገዛ መኪና አስቀድሞ መታየት ያለበት በመሪውና በፍሬኑ ነው።

ትንሽ ገንዘብ የት ድረስ ያደርሳል?

ጃፓን እውነተኛ የስፖርት መኪና አጥታ አታውቅም። ቶዮታ ሴሊካና ኤምአር2፣ ኒሳን ሲልቪያ፣ ማዝዳ አርኤክስ7 እና ሮድስተር በየአገሩ ያለ ወጣት የሚመኛቸው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ያልገቡት ወዳጅ አጥተው ሳይሆን ሒሳቡ ስለከለከላቸው ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1300 ሲሲ የሆነ የቤት መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፈልበት ነበር። የጉምሩክ ቀረጡና ሌላው ግብር ለብቻው ነው። ሲልቪያ ባለ 2000 ሲሲ በመሆኗ በመጨረሻው መደብ ትወድቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ቪትዝ ግን ባለ 1000 የምትባለው 997 ሲሲ፣ ባለ 1300 የምትባለው 1298 ሲሲ ሞተር ነበራቸው። በ2 ሲሲ ልዩነት ከ60 በመቶው ያመለጠች መኪና የኢትዮጵያን ጎዳና ብትሞላ ሊያስገርም አይገባም። የዚህችው ቪትዝ የስፖርት ዝርያ የሆነችው ባለ 1500 አርኤስ 1497 ሲሲ ነበረች፤ በመሆኑም የሚጠብቃት ኤክሳይዝ የእኅቶቿ እጥፍ ነበር። አስመጪ የትኛዋን ይመርጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ በደላላ አፍ «ስፖርት» የምትባል ቪትዝ ክንፍ የለበሰች ተራ ቪትዝ ልትሆን ትችላለች ብሎ መጠርጠር ያለበትም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ጠበበ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ ያረጁ መኪኖች እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ተጣለባቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር አካባቢ የተነሣው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመሆኑም በሽያጭ የሚዞረው የቤንዚን መኪና ቀድሞ የገባው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዕድሜው ይጨምራል፤ መለዋወጫው ግን በአዲሱ ምንዛሪ ይመጣል። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ እዚህ ግን ሰው ለዓመታት ነድቶት ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም። ገዢውም ባይቸኩል የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ያችው መኪና ወይም መሰሏ በሚቀጥለው ወር ትቀርባለች።

ከቪትዝ ለሚያንስ ገንዘብ «ዲኤክስ» የሚባለው አሮጌ ኮሮላ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1983 የተሠራው ኢ70 የተባለው ትውልድ በኋላ ጎማ የሚሄድ በመሆኑ ወጣቶች «ስፖርት» ሊያደርጉት ይወዳሉ፤ ጠጋኙም ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሆኖም ዕድሜው ከ40 ዓመት የዘለለ ብረት ነውና ለእሑድ መዝናኛ እንጂ በየቀኑ ሐረጎን ለሚመላለስ ነጋዴ የሚመከር አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ክንፍና ቸርኬ ከሱቅ ይገዛል። የሻንሲ ቁጥር ግን ከፋብሪካ ተቀርጾ ይመጣል፤ ስለዚህ ገዢው ከቀለሙ በፊት እርሱን ማንበብ አለበት።

ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ቁጥሩ አጭር ነው። ጥቂት ፊደልና አኃዝ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር ይኖረዋል። በመጀመሪያው የቪትዝ ትውልድ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው ባለ 1000 ነው፤ ኤንሲፒ10 ባለ 1300 ነው፤ ኤንሲፒ13 ደግሞ ባለ 1500 አርኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተተካው ሁለተኛው ትውልድ ኬኤስፒ90 ባለ ሦስት ሲሊንደር 1000፣ ኤስሲፒ90 ባለ 1300፣ ኤንሲፒ91 ባለ 1500 ናቸው። እንግዲህ «አርኤስ ናት» ተብሎ ዋጋ የተጨመረባት መኪና ቁጥሯ በኤስሲፒ10 ከጀመረ፣ ጭማሪው የሚከፈለው ለላስቲክ ክንፍ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ሆኖ ጄቲዲ ወይም ቪኤንኬ ብሎ ከጀመረ፣ ከጃፓን ውጭ ላለ ገበያ የተሠራች ያሪስ ናት። ቪኤንኬ የሚለው ፈረንሳይ ውስጥ ባለው የቶዮታ ፋብሪካ የተሠራ መኪና ምልክት ነው። እንዲህ ያለችው መኪና እንደ እንግሊዝ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራች ካልሆነች በቀር መሪዋ ከፋብሪካው በግራ በኩል ወጥቷል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ እንደሚታየው ከክንፉ እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው።

ስለ ጉልበትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባለ 1000ዋ 70፣ ባለ 1300ዋ ወደ 88፣ አርኤስ ደግሞ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ይህ ግን በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋልና፣ ደሴ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 70 የነበረው 53 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ አራት ሰው የጫነች ባለ 1000 ቪትዝ ሐረጎን ስትወጣ ብታቃስት ሞተሯ ታሟል ተብሎ አይፈረድባትም። ሻጩ ደግሞ በዚሁ ተጠግቶ የደከመ ሞተር «ከፍታው ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ጭሱ ነው። ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሰማያዊ ጭስ አያስወጣም። ሰማያዊ ጭስ ከታየ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

መሪው የዞረ መኪና

ጃፓን በግራ የሚነዳባት አገር ስለሆነች መኪኖቿ መሪያቸው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች፤ መሪው በቀኝ የሆነ መኪናም አይገባባትም። ታዲያ ኤስሲፒና ኤንሲፒ የሚል አጭር ቁጥር የያዙት እነዚህ ሁሉ ቪትዞች እንዴት መሪያቸው በግራ ሆነ? መልሱ ዱባይ ነው። ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ዱባይ ይራገፉና፣ እዚያ ባሉ ጋራዦች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ወደ ኢትዮጵያ ይጫኑ ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም። ዳሽቦርዱ ይነቀላል። የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ለመሪው ዘንግና ለፍሬኑ በግራ በኩል አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል፤ የቀኙ ይደፈናል። ፔዳሎቹ ይዛወራሉ፤ የመሪው ጥርስ ይቀየራል፤ ሽቦው ይቆረጥና ይቀጠላል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ የፍጥነት መለኪያዋ በዳሽቦርዱ መሐል ላይ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ምቹ ነበረች። ጥሩ ባለሙያ በግራ ከተሠራች ያሪስ የተነቀለ ሙሉ ዕቃ ይገጥማል። መጥፎው ደግሞ የነበረውን ቆርጦ፣ በይዶና አስረዝሞ ያስተካክላል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ገዢው ሜካኒክ ባይሆንም ብዙውን በዓይኑ ሊለይ ይችላል። ዝናብ መጥረጊያው ይነሣ፤ በቀኝ ለሚቀመጥ ሾፌር የተሠራ ከሆነ በግራው የመስታወት ጫፍ ሳይጠረግ የሚቀር ሰፊ ቦታ ይኖራል፤ ያም አሁን የሾፌሩ ዓይን ያለበት ነው። ማታ መኪናዋ ግድግዳ ፊት ቆማ አጭር መብራት ይብራ፤ ብርሃኑ በግራ በኩል ከፍ ካለ ለጃፓን መንገድ የተሠራ ፋኖስ ነውና፣ ሐረጎ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያሳውራል። ፋኖስ መቀየር ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከመኪናው ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ ምንጣፉ ይገለጥ። ከፔዳሎቹ በላይ ያለው ላሜራ ብየዳው ለስልሶ ጸረ ዝገት ተቀብቶ ከሆነ መልካም ነው፤ ስቱኮ ወይም ሲሊኮን ተለጥፎበት ከተገኘ ግን ሰውዬው ጣጣውን ሸፍኖ ነው የሄደው። ኮፈኑ ሲከፈት የፍሬኑ ዋና ፓምፕ በየት በኩል እንዳለ ይታይ። ፔዳሉ በግራ ሆኖ ፓምፑ በቀኝ ከቀረ፣ በዳሽቦርዱ ሥር የሚያገናኛቸው ብረት አለ ማለት ነው። ያ ብረት ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ይጠመዘዛል፤ ብየዳውም ይደክማል። እንዲህ ያለውን መኪና ለሜዳ አገር ሰው መተው ይሻላል ቢባል እንኳ፣ ለሜዳ አገር ሰውም የሚመኙት ነገር አይደለም።

መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይዙር፤ የሁለቱም ዙር ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ሲዞር «ቋ» የሚል ድምፅ፣ በመሐል የሚከብድ ቦታ፣ ወይም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጠምዘዝ ብሎ የሚቆም መሪ ካለ የዘንጉ መገጣጠሚያ ይታይ። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት ይኖርበታል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ሆን ተብሎ ወጥቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ትራሱም በቦታው ላይኖር ይችላል።

መሪው የዞረ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በደንብ ተሠርተው ለዓመታት ያለ ችግር የሚያገለግሉ ብዙ ናቸው። ችግሩ የዞረውና ያልዞረው በአንድ ዋጋ ሲጠየቅባቸው ነው። ከፋብሪካ በግራ የወጣች ያሪስ ከዞረችው ቪትዝ በዋጋ ብትበልጥ አግባብ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰውም ከስፖርቷ ቪትዝ ይልቅ ዓመቷ ትንሽ የቆየ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ያሪስ ቢወስድ ብሩ በቦታው ዋለ።

ደርሶ መልስ ሐረጎ

ሻጭ መኪናውን የሚያሳየው ሜዳ ላይ ነው፤ ሞተሩም አስቀድሞ ሞቆ ይጠብቃል። ገዢው ይህን መቀበል የለበትም። መኪናው ያደረበት ቦታ ጠዋት በማለዳ ሄዶ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ራሱ ያስነሣ። ከዚያ ሜካኒክ ከጎን አስቀምጦ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ይንዳ። ለዚህ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

በአቀበቱ የሚታየው ሙቀቱ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ጭነት ነው፤ ክዳኑ ካረጀ መኪናው ኮምቦልቻ ደህና ውሎ ደሴ መግቢያ ላይ ይተናል። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መብራት እንጂ መርፌ ስለሌላቸው፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ ጊዜው ዘግይቷል። ደሴ ሲደርሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ትንሽ ይቁም፤ ማራገቢያው ራሱ ተነሥቶ መጥፋት አለበት። ክዳኑ ግን በትኩሱ አይነካም።

ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። አራት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና 1100 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች ቢባል፣ 650 ሜትር ስትወርድ ፍሬኑ ብቻውን ቢይዛት የሚፈጠረው ሙቀት 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአራት ጎማ ሥር ባሉ ትንንሽ ብረቶችና ሸራዎች ላይ ነው። ለዚህ ነው የድሮ የኤንትሬ ሾፌሮች ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል ሲሉ የኖሩት። ኦቶማቲክ ቪትዝ የያዘ ሰውም በ«ዲ» ለቆ መውረድ የለበትም፤ ወደ 2 ወይም ወደ «ኤል» አውርዶ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ አለበት። ማርሹ ሲወርድ የማይዝ፣ የሚዘገይ ወይም የሚመታ ካምቢዮ ከሆነ፣ የጥገናው ዋጋ ግዢውን ሊያስቀይር የሚችል ነውና እዚያው ላይ ይታሰብበት።

የፍሬን ዘይት ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አዲስ ዶት 3 የተባለው ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣው ወደ 140 ዲግሪ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ፍሬን ሐረጎ አጋማሽ ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ ጠቁሮ ከታየ ከሙከራው በፊት ይቀየር፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ታች ሲደረስ አራቱ ጎማዎች ሳይነኩ እጅን በማስጠጋት ብቻ ሙቀታቸው ይነጻጸር። አንዱ ከጎኑ ካለው በጣም የጋለ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ አንዱ ቀዝቅዞ ከቀረ ደግሞ አልያዘም። ፍሬን ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪናም ችግሩ ከዚሁ ወይም ከዞረው መሪ ነው። የተገኘው ጉድለት ሁሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ ተጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ለድርድር ይቀረባል። «ትንሽ ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ የፍሬን ሸራው፣ የራዲያተሩ ክዳንና የመሪው መገጣጠሚያ ይህን ያህል ያስወጣሉ ማለት ሻጩን ያስገድዳል።

እውነተኛዋ የስፖርት መኪና፣ ለምሳሌ ሴሊካ፣ በአጋጣሚ ብትገኝስ? ዝቅ ያለች ስለሆነች የሰፈር ኮብልስቶን ሆዷን ይልጣታል፤ ከቪትዝ ጋር የማትጋራውን ዕቃ በትእዛዝ ማስመጣት ይጠይቃል፤ ሽያጯም እንደ ቪትዝ በሳምንት አይጠናቀቅም። ፍቅሩ ያለው ይግዛት፤ ገንዘቡ ግን በየጊዜው በሚጠበቅ ዕቃ ላይ ተኝቶ እንደሚቆይ ይወቅ። ቪትዝም ሆነ ሌላ፣ በእጅ ካለው 100 ብር 80ውን ብቻ ለግዢ መድቦ 20ውን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገናና ለስም ማዞሪያ ያላስቀረ ሰው መኪናውን ገዝቶ በር ላይ ያቆመዋል።

ወረቀቱ

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ሳምንታት በሁለቱ ከተሞች ብዙ የግልና የመንግሥት ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ «ሊብሬው በጦርነቱ ጠፍቶ በምትክ የወጣ ነው» የሚል ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአጭበርባሪም ምቹ ሽፋን ነው። በምትክ ሊብሬ የሚሸጥ መኪና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ፋይል ጋር ሳይመሳከር ብር መቁጠር አይገባም። በሻንሲው ላይ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

በዚያው ፋይል ላይ ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛው መኪናው በባንክ ብድር ወይም በፍርድ ቤት እግድ ተይዞ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ለሌላ ሰው አይዞርም፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። «በውክልና ያዘው፣ ስሙን ቀስ ብለህ ታዞራለህ» የሚለው ምክር ደግሞ ለሻጭ እንጂ ለገዢ አይበጅም። ወካዩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር ገዢው በሰው መኪና ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ወር ነድቶ «መሪው የዞረ መሆኑን አላወቅሁም» ማለት በፍርድ ቤት የሚያዋጣ አይመስልም። በመሆኑም በውሉ ላይ የሻንሲው ቁጥር በሙሉ፣ የሞተሩ ሲሲ፣ መሪው ከፋብሪካ በግራ የወጣ ወይም የዞረ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ከተማ ተቀራርበው፣ ሰው ሁሉ ተዋውቆ በሚኖርበት ገበያ ይህን አስቀድሞ የሚናገር ደላላ ያንን ደንበኛ ለሚቀጥለው መኪናም ያገኘዋል። የሦስተኛ ወገን መድኑና የዓመቱ ቦሎ በርክክቡ ቀን ያልተቃጠሉ መሆናቸው ይታይ፤ ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ደግሞ ሊብሬው በገዢው ስም እስኪወጣ ድረስ በሁለቱም ወገን ስምምነት ተይዞ ይቆይ።